የተዘጋ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊከፈት ይችላልን?

በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ፣ ከተግባረ እድ እስከ ሠንጋ ተራው የንግድ ሥራ ኮሌጅ ድረስ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥገና ቤቶች አይጠፉም። ወደ አንዱ ገብቶ «ዊንዶውስ ጫኑልኝ» የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስለ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም፤ የሚነገረው የማስጫኛው ዋጋ ብቻ ነው። በሲዲ ዘመን እንዲህ ነበር፣ በፍላሽ ዘመንም እንዲሁ ሆኗል። ስለዚህ «ዊንዶውስ አንድ ቀን ክፍት ምንጭ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለን በክፍል ውስጥ ስንጠይቅ፣ «ለእኛ መቼ ተዘግቶብን ያውቃል?» የሚል መልስ ብንሰማ አያስደንቅም።

መልሱ ያስቃል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በነፃ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ የተቀዳውን ማንበብ፣ ማረምና አርሞ ለሌላው መስጠት ሌላ ነገር ነው። አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ሥርዓተ ክወና የሚባለው፣ በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ይህ ምንጭ ኮድ ይባላል። ምንጭ ኮዱ ኮምፓይለር በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጣል፤ በሱቅ የሚሸጠውም ሆነ በፍላሽ የሚዞረው ይኸው የመጨረሻው መልክ ነው። በለውጡ ሂደት የተለዋዋጮቹ ስሞች፣ የጸሐፊዎቹ ማስታወሻዎች፣ «ይህ መስመር ለምን ገባ?» የሚለው ሐሳብ ሁሉ ይጠፋል። ዶሮ ወጥ የቀመሰ ባለሙያ ቅመሙን ሊገምት ይችላል፤ ሽንኩርቱን ከወጡ መልሶ ሊያወጣ ግን አይችልም። እኛ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር የማይቀለበስ ሂደት እንለዋለን።

ይህም ሆኖ የቀማሹን መንገድ የመረጡ አልጠፉም። በ1993 የተጀመረው ዋይን፣ ከእርሱም ጥቂት ዓመታት በኋላ የተነሣው ሪአክትኦኤስ የተባለው ሥራ፣ ዊንዶውስን ከውጭ እየተመለከቱ፣ ይህን ሲሰጡት ይህን ይመልሳል እያሉ አምሳያውን ከባዶ ለመጻፍ የተነሡ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው አቶምን ሳይከፍቱ በጨረር እየመቱ ውስጡን ከማጥናት ጋር ይመሳሰላል። ሪአክትኦኤስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለፍቶበት ዛሬም ከሙከራ ደረጃ አልወጣም፤ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የመቅዳቱን ነገር በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ተራ አስገብቶታል። አዋጁ ወጥቶ ሳለ ልማዱ እንደቀጠለ አንባብያን ያውቃሉና በዚህ ላይ አንቆይም።

ታዲያ ባለቤቱ ራሱ በፈቃዱ ቢከፍተውስ? ይህ ሆኖ ያውቃል። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያዎቹን የኤምኤስ-ዶስ ምንጭ ኮዶች በ2014 በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ለእይታ አቀረበ፤ በ2018 ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ ለቀቀው፤ በ2024 ደግሞ ኤምኤስ-ዶስ 4.00ን ጨመረበት። ይህ ግን ለታሪክ ጥናት የተሰጠ ነው እንጂ ሰው የሚሠራበት ሥርዓት አይደለም። አፕልም በ1999 የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መሠረት ዳርዊን በሚል ስም ሲከፍት፣ ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽታ ዘግቶ አስቀርቷል። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው በእጁ ይዞት ይዞር የነበረው የኖኪያ ስልክ ሥርዓት ሲምቢያን በየካቲት 2010 ተከፍቶ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን የከፈተው ድርጅት እየፈረሰ ነበር።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው የሶላሪስ ታሪክ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 ሶላሪስን «ኦፕንሶላሪስ» ብሎ ከፈተው። ከርነሉ፣ የፋይል አያያዙ፣ የኔትወርክ ክፍሉ ለንባብ ቀረበ። ሆኖም የተወሰኑ ክፍሎች በማሽን ቋንቋ እንደታሸጉ ቀሩ፤ ምክንያቱም ሰን ራሱ ከሌሎች ድርጅቶች በፈቃድ የወሰዳቸው ስለነበሩ ሊሰጣቸው አይችልም ነበር። የሰው ያልሆነውን ማን ይሰጣል? ከታሸጉት አንዱ የቋንቋዎችን ጉዳይ የሚይዘው ክፍል ነበር፤ ይኸውም ፊደል እንዴት በተራ እንደሚደረደር፣ ቀን እንዴት እንደሚጻፍ፣ ገንዘብ በምን ምልክት እንደሚገለጥ የሚወስነው። ኦራክል በ2010 ሰንን ገዝቶ በሩን መልሶ ሲዘጋ፣ ኢሉሞስ በሚል ስም ሥራውን ለመቀጠል የተነሡት ባለሙያዎች ከመጀመሪያዎቹ ተግባሮቻቸው አንዱ ይህን የቋንቋ ክፍል እንደገና መጻፍ ሆነባቸው። እንግሊዝኛን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መከፈት የነበረበት ክፍል ይህ ነው።

ዊንዶውስም እንዲሁ ከብዙ እጆች የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት በ2017 ይፋ እንዳደረገው፣ የዊንዶውስ ምንጭ ኮድ በ3.5 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች የተከፋፈለ፣ 300 ጊጋባይት ገደማ የሚመዝን ነበር። በዚህ ክምር ውስጥ በፈቃድ የተወሰዱ የሌሎች ሥራዎች፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያለባቸው ዘዴዎች፣ በዕቃ አምራቾች የተጻፉ ድራይቨሮች አሉ። እያንዳንዱን ፋይል እየያዙ «ይህ የማን ነው?» ማለት የመሐንዲስ ሳይሆን የጠበቃ ሥራ ነው። ከድርጅቱ ከፍተኛ የቴክኒክ ኃላፊዎች አንዱ የሆኑት ማርክ ረሲኖቪች በ2015 ነገሩ ፈጽሞ የማይሆን እንዳልሆነ ተናግረው ነበር። እኛም «አይቻልም» አንልም፤ በአንድ ቀን በአዋጅ ይሆናል ብለን ግን አንጠብቅም። ድርጅቱ ከ2001 ጀምሮ ለመንግሥታትና ለዩኒቨርሲቲዎች ኮዱን ያሳየበት አሠራርም ቢሆን «እይ እንጂ አትንካ» የሚል ነበር። በ2020 የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮድ ሾልኮ ወጥቷል፤ የሾለከ ኮድ ግን በሕግ ማንም ሊሠራበት ስለማይችል ተከፈተ አይባልም።

ጥያቄው የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለተወሰነ ጊዜ ከሚራዘም ጥበቃ በቀር አዲስ የደኅንነት እርማት አይወጣለትም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ያለውንና በዕድሜ ያልገፋ ፕሮሰሰር የያዘን ማሽን ይፈልጋል። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎችና በጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ኤሌክትሮኒክሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያረጀ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ቢተወውም ሌላው ሊቀጥለው ይችል ነበር።

ወደ ቋንቋው ክፍል እንመለስ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ደረጃ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ሶፍትዌር ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ከዩኒኮድ በኋላም ዊንዶውስ የአማርኛን ቁልፍ ሰሌዳና ናያላ የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። እስከዚያ ድረስ ወሳኙ ባለቤቱ ነበር፤ እኛ ጠባቂዎች ነበርን። በሊኑክስ ግን ግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛን የቋንቋ ፋይል ጽፎ አስገብቷል፤ ማንንም ደጅ ሳይጠና።

ክፍት መሆን ሁሉን ያቃናል ማለት ግን አይደለም። በዚያ ፋይል ውስጥ የወራቱን ስም የሚፈልግ አንባቢ መስከረምንና ጥቅምትን አያገኝም፤ የሚያገኘው ጃንዩወሪንና ፌብሩወሪን ነው። የዚህ ምክንያት የጸሐፊው ቸልታ አይደለም። ፖዚክስ የተባለው የሥርዓተ ክወና ደረጃ ለወራት የመደበው ቦታ አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን የምትቀመጥበት የላትም። ልዩነቱ ይህን ምክንያት ፋይሉን ከፍተን ማወቅ መቻላችን ነው።

መፍትሔውም የመጣው ከሌላ ክፍት ሥራ ነው። በአይቢኤም ውስጥ ያደገው አይሲዩ የተባለው የቋንቋዎች ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር፣ በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም፣ ከአሥራ ሦስት ወራቱ ጋር ይዟል። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንድረስ፤ ማይክሮሶፍት ከ2017 ጀምሮ ይህንኑ ክፍት ቤተ መጻሕፍት በዊንዶውስ 10 ውስጥ ጨምሮታል። በ2025 ደግሞ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራውን ክፍል ኮድ ለቋል። እንግዲህ የተዘጋው ሥርዓት ሊከፈት ይችላልን ለሚለው የእኛ መልስ ይህ ነው፤ በሩ ተበርግዶ ሳይሆን፣ ግድግዳው ጡብ በጡብ እየተተካ። ከተተኩት ጡቦች አንዱ ደግሞ የእኛን ወራት ተሸክሟል።

በአይሲዩ ያለው ስሌት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ዓመቱን በ365 ያባዛል፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ይጨምራል፤ መስከረምን ዜሮ ብሎ የወሩን ቁጥር በ30 ያባዛል፤ በመጨረሻ ቀኑን ይደምራል። የአራት ክፍያው ውጤት በአንድ የሚያድገው ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል ስለሆነ፣ ትርፏ ቀን የምትውለው ከዚያ በፊት ባለው፣ ቀሪው ሦስት በሚሆንበት ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። 2015 ዓ.ም. ለአራት ሲካፈል ቀሪው ሦስት ነው፤ ጳጉሜንም በዚያ ዓመት ስድስት ቀን ነበራት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያንን ዓመት ዘመነ ሉቃስ ይሉታል።