ቆጠራ የማይደርስባቸው አሮጌ ካርዶች



የዛሬው ገለጻዬ በማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩ ተጨማሪ ካርዶችን ይመለከታል። ግራፊክስ ካርድ፣ የድምፅ ካርድ፣ የኔትወርክ ካርድና የመሳሰሉት ከእነዚህ ይመደባሉ። ያረጁትን ዛሬም የሚጠቀሙባቸው ስንት ሰዎች ናቸው? መልሱ የሚወሰነው በቆጣሪው ማንነት ነው።

በዓለም ላይ በሰፊው የሚጠቀሰው ቆጠራ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ነው። መረጃው ከፈቃደኛ ደንበኞች ኮምፒውተር በኢንተርኔት ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ፣ ብዙ አዳዲስ ካርዶች ተከትለውት ቢወጡም፣ በዚህ ቆጠራ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከዚህ እንደምረዳው፣ አብዛኛው ባለቤት አዲስ ካርድ ስለወጣ ብቻ የያዘውን አይጥልም፤ ሥራውን እስከሠራለት ድረስ ያቆየዋል።

ሆኖም ይህ ቆጠራ ኢንተርኔት ያለውን ተጫዋች ብቻ ያያል። አዋሽ ላይ ደረሰኝ የሚያትም የሱቅ ኮምፒውተር ወይም ሰመራ ላይ ከላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር ቢኖር አይቆጠርም። አሮጌ ካርድ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው ደግሞ እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው።

ምክንያቱ ከማስገቢያው ዓይነት ይጀምራል። አይኤስኤ የተባለው ማስገቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር መጣ፤ ፒሲአይ በ1992፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በ2003 ተከተሉት። ለአንዱ የተሠራ ካርድ ከሌላው አይገጥምም። አንድ የመለኪያ መሣሪያ በፒሲአይ ካርድ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ያ ማስገቢያ በሌለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር የሚጠበቀው እጅግ ውድ ለሆነው መሣሪያ ሲባል ነው።

በአፋር ቆላ ሌላ ጉዳይ ይታከላል። የሰመራ ሙቀት በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በካርዶች ላይ የሚገኘው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ግምታዊ ደንብ መሠረት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተሰላ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በ75 ዲግሪ ግን 16,000 ብቻ። አቧራ ማራገቢያውን ሲያፍነው ሙቀቱ ይብሳል። እንግዲህ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ካርዶች፣ አንዱ በአዲስ አበባ ሌላው በሰመራ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ቢሠሩ፣ እኩል አያረጁም።

ንብረት የሚያስወግድ ኮሚቴ የግዢ ዓመትን ብቻ ከተመለከተ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ሊሞት የተቃረበውን ካርድ ገና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ መሣሪያን በሕይወት የያዘውን ደግሞ አርጅቷል ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው ስሕተት የአንድን ተመራቂ ተማሪ የምርምር ሥራ ሊያስቆም ይችላል።

ስለሆነም ቆጠራውን በራሳችን እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። ለእያንዳንዱ ካርድ አራት ነገር ይመዝገብ፦ የማስገቢያው ዓይነት፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሥራ፣ የሚሠራበት ክፍል ሙቀት፣ የድራይቨሩ ቅጂ የተቀመጠበት ቦታ። ድራይቨሩ ከጠፋ ጤነኛ ካርድም ከጥቅም ውጭ ይሆናልና የመጨረሻውን አደራ እላለሁ። ሥራው ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጥናት የሚመጥን ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።