ወጨጫ ላይ ኦክስጅን አላለቀም

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ የሰማሁት ምክር እስካሁን ያብከነክነኛል። አቅራቢው ወጨጫን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለመውጣት ላሰቡ ወጣቶች «ከ3,000 ሜትር በላይ ኦክስጅኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ግን አትስጉ፣ እኛ ደገኞች ነን፣ ደማችን ለምዶታል» አላቸው። ሁለት ስሕተት በአንድ ትንፋሽ! የመጀመሪያው ያለ ምክንያት ያስፈራል፣ ሁለተኛው ያለ ምክንያት ያደፋፍራል። ይህን ሰምቶ ቀኑን ያቀደ ሰው ተራራው ላይ ሊመሽበት ይችላል።

ተራራውን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ወጨጫ ከሰበታ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከቡራዩ በስተደቡብ ምዕራብ የሚታየው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ምዕራባዊ ጎኑን ጥንታዊው የመናገሻ ሱባ ደን ይዞታል፤ ከታች ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከጫፉ አጠገብ አስታ። በአንዱ ሸንተረር ወጥቶ በሌላው ወርዶ መነሻው ላይ መግጠም የሚፈልግ ሰው ወደ 1,000 ሜትር ሽቅብ ይጠብቀዋል። ስለ ጫማና ስለ ዝናብ ልብስ ብዙ ስለተባለ እሱን አልፈዋለሁ።

ወደ አየሩ ልግባ። ባሕር ዳርቻ ላይ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ነው። ሱሉልታ ላይም 21 ነው፣ ወጨጫ ጫፍ ላይም ያው 21 ነው። የሚቀንሰው ድርሻው ሳይሆን ግፊቱ ነው። ብዙ ጋቢ ደራርበው ያስቀምጡ፤ የታችኛው በላዩ ባለው ክብደት ይጨመቃል፣ የላይኛው ተንሰራፍቶ ይቀመጣል። ጋቢው ያው ጋቢ ነው። አየርም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን የቀረው አየር ስለሚያንስ ያለንበት አየር ይሳሳል። (አንዳንድ ተርጓሚዎች «ቀጭን አየር» ይላሉ። ቀጭን ክር ነው፣ ቀጭን ሰው ነው። አየር ግን እንደ ታጠበ ነጠላ ይሳሳል፤ «የሳሳ አየር» ብንል ምን ይጎድለናል?)

በቁጥር እንየው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 575፣ ወጨጫ ጫፍ ላይ ወደ 510 ይወርዳል። ሳንባ የገባ አየር ይረጥባል፤ የውሃ እንፋሎት የትም ቦታ ቢሆን 47ቱን ይወስዳል። ከቀሪው 21 በመቶውን ስናሰላ የኦክስጅን የራሱ ግፊት በባሕር ወለል 150፣ አዲስ አበባ 110፣ ወጨጫ ላይ 97 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሄዶ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው የሚያጣው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። «ግማሽ» የተባለው የሚገኘው ወደ 5,500 ሜትር ሲጠጋ ነው፤ ያን ያህል ራስ ዳሸንም አይደርስም።

ታዲያ አንድ ስምንተኛ ትንሽ ከሆነ ዳገቱ ላይ ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ለምንድን ነው? እኔን የሚማርከኝ ነገር እዚህ ላይ ነው።

በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሂሞግሎቢን አራት መቀመጫ ያለው ታክሲ ነው። ሳንባ ፌርማታው ነው፤ ግፊት ማለት ፌርማታው ላይ የሚጋፋው ሰው ብዛት ነው። ባዶ ታክሲ ውስጥ ቀድሞ ለመግባት ሁሉም ያመነታል፤ አንዱ ከገባ ግን ሌሎቹ ይከተላሉ። ሂሞግሎቢንም የመጀመሪያውን ኦክስጅን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጥና ቀጣዮቹን መያዝ ይቀልለዋል። በዚህ ባሕርዩ ምክንያት ፌርማታው ላይ ሰው በመጠኑ ቢቀንስም ታክሲው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይነሳል። ወጨጫ ጫፍ ላይ ድንጋይ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ችግር የማይሰማው ለዚህ ነው።

ሰውየው ተነስቶ ሽቅብ ሲሮጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዕረፍት ጊዜ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ሦስት ሩብ ሰከንድ ያህል ይቆያል። በከባድ ጥረት ጊዜ ልብ ደሙን ስለሚያጣድፈው ቆይታው ወደ ሩብ ሰከንድ ሊያጥር ይችላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋፊው ብዙ ስለሆነ ታክሲው በሩብ ሰከንድም ይሞላል። ከፍታ ላይ ተጋፊው ጥቂት፣ ሹፌሩም ችኩል ነውና ታክሲው መቀመጫ ባዶ እያለ ይነዳል። ጡንቻ ደግሞ ያን ጊዜ ከወትሮው በላይ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ለታክሲው መቆሚያ ጊዜ ይሰጠዋል። ሽማግሌ እረኞች ዳገቱን ሳያቋርጡ በዝግታ ሲወጡ፣ ሮጠን የቀደምናቸው እኛ ሃያ ጊዜ ስንቀመጥ የሚደርሱብን ለዚህ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየወጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል።

አሁን ወደ «ደማችን ለምዶታል»። ይህ ለሙያዬ ስለሚቀርብ ጠንቀቅ ብዬ መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ተራሮች ውስጥ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው አስገራሚ ውጤት አሳተሙ፤ የሂሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር። የአንዲስ ነዋሪዎች ሂሞግሎቢን ያበዛሉ፤ የቲቤቶች የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ይላል፤ እነዚህ ኢትዮጵያውያን ግን ሦስተኛ መንገድ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ባሌ ላይ የሚኖሩ ደገኞች ሂሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ፣ ሙሌታቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ አንድ «የደገኛ ደም» አለ ማለት አይቻልም። የትኛው ልዩነት በዘር የተወረሰ፣ የትኛው በዕድሜ ልክ ኑሮ የተገኘ እንደሆነ ገና ያከራክራል፤ የተመረመረው ሰውም ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጥናቶቹ በ3,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚኖሩ ሰዎች እንጂ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስለሚውል ሰው አልተናገሩም። እኛ ለ2,300 ሜትር ነው የለመድነው። ይህ ራሱ ዛሬ ጧት ከጅቡቲ ከመጣ ዘመድ የተሻለ ያደርገናል፤ ዳገቱን ግን አያሳጥርልንም። የከፍታ ሕመምም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ያልለመደ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ሰዓታት ከቆየ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ራሱን ካመመው አስቀድሞ ፀሐይንና የውሃ ጥማትን ይጠርጥር።

እንግዲህ ዕቅዱ በሰዓት ይሁን። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር አሁንም ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በላዩ ላይ ለ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። የመረጡት ዙሪያ 16 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ለርቀቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ለ1,000 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ በድምሩ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ቀመሩ ግን ዕረፍት አያውቅም፣ የሳሳ አየርም አያውቅም። ሰባት ሰዓት ይያዙለት። ከጧቱ 1 ሰዓት የተነሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመለሳል፤ 4 ሰዓት ላይ የተነሳ 11 ሰዓት ይሆንበታል። በአዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 እስከ 12 ከ45 ባለው ትጠልቃለች፤ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ድንግዝግዙም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዝናብ ወራት ደግሞ ጧት የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዛፍ የሌለበት ጫፍ ላይ መገኘት ለመብረቅ መጋለጥ ነው።

ዙሪያ መንገድ አንድ የተለየ ወጥመድ አለው። በመጡበት ሲመለሱ እያንዳንዱ እርምጃ ወደሚያውቁት ቦታ ያቀርባል። ዙሪያውን ካጋመሱ በኋላ ግን መመለሱም መቀጠሉም እኩል ይርቃል፤ ከፊትዎ ያለውን ደግሞ አላዩትም። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ሰዓት ይቁረጡ፤ እስከ 6 ሰዓት ጫፉ ላይ ካልደረሱ፣ ጫፉ በዓይን ቢታይም፣ በመጡበት ይመለሱ። መንገዱንና የመመለሻ ሰዓቱን ቤት ለሚቀር ሰው ይንገሩ። የአካባቢውን ሸንተረር የሚያውቅ ሰው ከሱባ ይዞ መውጣትም ያዋጣል።

ሬዲዮውን ካመኑና እኔን ከተጠራጠሩ ደግሞ ራስዎ ይፈትኑት። ጫፉ ላይ ውሃዎን ጠጥተው ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥብቀው ይክደኑት። ሰበታ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ከቦርሳዎ ያውጡት፤ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገብቶ ያገኙታል።