እየተነፈሰ ነው ወይስ እያጣጣረ?

ሰው ድንገት ሲወድቅ የተሰበሰበው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ራሱን ስቶ ነው!» «ልቡ ነው!» «አየር ስጡት!» «ሽንኩርት አሽትቱት!» ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ ያይና «አለ፣ አለ፤ እያጣጣረ ነው» ይላል። ሰውየውን የሚገድለው አንዳንዴ ይህ ቃል ነው።

ልብ ደም መርጨት ሲያቆም ሰውየው ወዲያው ጸጥ ላይል ይችላል። አፉን ከፍቶ፣ አልፎ አልፎ፣ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ መቃተት ያለ ድምፅ ያሰማል። ማጣጣር የሚባለው ይህ ነው። አየር የሚያስገባ ይመስላል እንጂ የሚጠቅም ትንፋሽ የለውም፤ ተመልካቹ ግን «ነፍሱ አለች» ብሎ መኪና ይጠብቃል። ስለዚህ ትከሻውን ነቅንቀው ሲጠሩት የማይመልስ፣ ትንፋሹም እንደ ወትሮው ያልሆነ ሰው ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። ይህን ለማየት 10 ሴኮንድ ይበቃል። የእጁን ትርታ ልፈልግ አይበሉ፤ በድንጋጤ የራስዎን ትርታ የእሱ አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ራስ መሳት ሌላ ነው። ራሱን የሳተ ሰው በደንብ ይተነፍሳል፤ ጋደም ብሎ እግሩ ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይነቃል።

ይበልጥ የተደበላለቀው «የልብ ድካም» የሚለው ቃል ነው። በሰፈር ወሬ ለሦስት ነገር ይውላል። ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት ልብ ደም የመግፋት ኃይሉ ሲቀንስ ነው፤ እግር ያብጣል፣ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ለዓመታትም አብሮ ሊኖር ይችላል። ሃርት አታክ ግን ልብን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ ነው። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ያወራል፤ ደረቱን ይጫነዋል፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል። (እኛ ዘንድ ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የሚተኛው ብዙ ነው።) ይህን ሰው ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ማድረስ እንጂ ደረቱን መጫን አያስፈልግም። ሦስተኛው የልብ መቆም ነው፤ ሃርት አታክ ሊያመጣው ይችላል፣ ያለ እሱም ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው የወደቀው ልቡ ቆሞ ነው።

ደረትን እየጫኑ የሚሰጠው እርዳታ፣ ሲፒአር፣ የሚጀመረው ልብ ሲቆም ነው። በሽተኛውን በጠንካራ ወለል ላይ ያስተኙት፤ ፍራሽ አይሆንም። ከእጅ አንጓ በላይ ያለውን ጠንካራውን የመዳፍ ክፍል ደረቱ መሐል ላይ አድርገው፣ ሌላውን እጅ ደርበው፣ ክርንዎን ሳያጥፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫኑ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በሴኮንድ ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ከያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሳ ይልቀቁት፤ ልብ ደም የሚሞላው ያኔ ነው። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ይጠገናል። የሠለጠነ ሰው ከ30 ጭነት በኋላ 2 ጊዜ በአፍ ይተነፍስለታል። ላልሠለጠነ ሰው የአዋቂን ደረት መጫን ብቻ ይበቃል፤ ለሕፃናትና ውኃ ውስጥ ለሰጠመ ሰው ግን ትንፋሹም አስፈላጊ ነው። ሁለት ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ይቀያየር፤ ሥራው ያደክማል።

መጫን ልብን ብዙ ጊዜ አያስነሳም። የእርስዎ ክንድ የልብን ሥራ ተክቶ አንጎል ደም እንዲያገኝ ያደርጋል፤ አንጎል ያለ ደም ከ4 ደቂቃ በላይ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል። ልብን ወደ ምቱ የሚመልሰው የኤሌክትሪክ ማሽኑ፣ ዲፊብሪሌተሩ ነው። ፊልም ላይ የልብ ምት መስመሩ ቀጥ ሲል ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፤ ውሸት ነው። ማሽኑ የሚያገለግለው ልብ በተዘበራረቀ ምት ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ንዝረቱ ያንን ሲያስቆመው የልብ የራሱ ምት ሊመለስ ይችላል። ኤሪክሰን ደረቱ እየተጫነ ቆይቶ በአንድ ንዝረት ተመለሰ። በሕዝብ ቦታ የሚቀመጠው ዓይነት በድምፅ ያዛል፣ ካላስፈለገም ንዝረት አይለቅም።

ከመጫንዎ በፊት ይደውሉ ወይም ያስደውሉ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ ሁለቱም እጅዎ ለደረቱ ይፈለጋል።