ለዘብ ያለ ጥይት

በሐረርጌ፣ በጨርጨር ደጋ ባለችው በደሳ ውስጥ ቡና በተፈላበት አንድ ቤት፣ አዛውንቱ አባወራ ከሣጥን ሥር የናስ ቀለህ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «የአባቴ ነው ልጄ። ስንቴ እንደተሞላ እሱ ነበር የሚያውቀው» አሉኝ። ቀለሁ የድሮው ጠመንጃ የውጅግራ ነው። ቁመቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ቂጡ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ነው። አፉ አካባቢ ደጋግሞ በመጥበብና በመስፋት የደከመ ናስ የሚያሳየው ስስ ስንጥቅ አለበት። አባወራው «መሙላት» ያሉት ሥራ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሥራው ሁሉ ደግሞ እጅግ የሚስበኝ፣ ሰፊ አፈሙዝ ላለው ብርቱ መሣሪያ ሆን ብሎ ባሩድ ቀንሶ ለዘብ ያለ ጥይት መሥራት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ቂጡ ላይ የተወተፈች ማቀጣጠያ፣ ባሩድና እርሳስ። ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ማቀጣጠያዋም ትሞታለች። ቀለሁ ግን ይቀራል፤ ከአራቱ ለመሥራት የሚከብደውም እሱ ነው። ስለዚህ ናሱ እስከታገሠ ድረስ ማቀጣጠያ ለውጦ፣ ባሩድ ሰፍሮ፣ እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ አፍስሶ ጥይቱን እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጦር መኮንን ጠመንጃውን ሠርቶ ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበለው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስና ከ5 ግራም በላይ ጥቁር ባሩድ ይይዛል። ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ካገኘና ሠራዊቱ ከሁለት ዓመት በኋላ 8 ሚሊ ሜትሩን ለበል ከታጠቀ በኋላ፣ ውጅግራ በአገሩ አሮጌ ዕቃ ሆነ። አሮጌው ዕቃ በነጋዴ እጅ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎችም ከዋነኞቹ አንዱ እሱ ነበር።

የጨርጨር ደጋ የዚህ ንግድ ዳር ተመልካች አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፈው በእነዚሁ ከውጭ በገቡ መሣሪያዎች ብልጫ ነው። የኢቱ ኦሮሞ አገር የነበረው ይህ ደጋም በዚያው ዘመን በጠመንጃ ኃይል ነው የተያዘው፤ ስለ ጥይት ጥበብ ስናወራ ጥይቱ በማን ላይ እንደተተኮሰ መርሳት አይገባም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በዚያው ዓመት ከታጁራ ያሮጌ ጠመንጃ ቅፍለት ይዞ እንጦጦ ደርሷል፤ ወደ ሐረር ሲመለስም ያቋረጠው ይህንኑ የጨርጨር ደጋ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለእኔ ከጦርነቱ ይልቅ ይገርመኛል። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ መዞር ጀመረ። ማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ይበዛል፤ አሞሌ ጨው ዝናብ ያሟሟዋል። ጥይት ግን ይቆጠራል፣ አይበላሽም፣ ፈላጊም አያጣም። ባዶ ቀለህም ዋጋ ነበረው፤ ምክንያቱም ይሞላል። ባሩዱ ከሰል፣ ድኝና ከአፈር የሚለቀም የጨው ዓይነት ተቀምሞ በአገር ቤት ይወቀጥ ነበር። ድኙን የአፋር በረሃ ይሰጣል፤ እርሳሱንም ቀጥቃጩ ያቀልጠዋል። ችግሩ አንድ ነው፦ ጥይት ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ከውጭ አይታይም። ሁለት ጥይቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዱ የፋብሪካ ጉልበት፣ ሌላው ግማሹን ብቻ ሊይዝ ይችላል። በብር ላይ የንግሥቲቱን ምስል መርምሮ የሚቀበል ገበያ፣ በጥይት ላይ ይህን የሚፈትሽበት ዓይን አልነበረውም።

ዛሬም የጥይት መሙላት ሞያ የመጀመሪያ ሕግ ከዚሁ ይነሣል። በየአገሩ በሕጋዊ ፈቃድ ለኢላማ ስፖርት ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የሞሉትን ሁሉ በሣጥኑ ላይ ይጽፋሉ፦ ምን ባሩድ፣ ስንት፣ ምን እርሳስ፣ መቼ። ያልተጻፈበትን ጥይት አይተኩሱትም። የበደሳው አዛውንት አባት ግን መዝገባቸው በራሳቸው ውስጥ ነበር፤ አብሯቸው ተቀበረ።

ሰፊ አፈሙዝ ሁልጊዜ ብርቱ ጥይት ማለት ይመስለናል። ስሕተት ነው። ፈረንሳዮች ከግራ አንድ ዓመት አስቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ለሠራዊታቸው ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ሠሩ። የእሱም አፈሙዝ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ባሩዱ ግን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። አንዱ የሰውን ትከሻ የሚያሳምም፣ ሌላው ማንም በአንድ እጁ ይዞ የሚተኩሰው ሆነ። ስፋቱ የእርሳሱን መጠን ይወስናል እንጂ ኃይሉን የሚወስነው የሚሰፈረው ባሩድ ነው።

አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለሩሲያ ሠራዊት የሚሆን ሪቮልቨር ሲሠራ «ፎርቲ ፎር ሩሲያን» የተባለ ጥይት ወጣ። እሱ ረዘም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1907 «ፎርቲ ፎር ስፔሻል» ሆነ። ኤልመር ኪት የሚባል ከብት አርቢና አዳኝ የስፔሻሉን ቀለህ አቅሙ እስኪያልቅ እየሞላ ለዓመታት ከወተወተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 «ፎርቲ ፎር ማግነም» ገበያ ላይ ዋለ። የማግነሙን ቀለህ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዘሙት ሌላ ቦታ ጠፍቶባቸው አይደለም፤ ያን ሁሉ ግፊት የማይችለው አሮጌ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ብለው ነው። ብልህ ሥራ ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሽጉጥ የገዙ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኋላ ተመለሱ። ርግጫው አንጓ ያማል፣ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ተኳሹ ቃታውን ሊስብ ሲል ርግጫውን ፈርቶ እጁ መንቀጥቀጡ ነው። እጁ የደነገጠ ሰው ኢላማ አይመታም። ስለዚህ በማግነሙ ሽጉጥ የድሮውን የስፔሻል ጉልበት መሙላት የተለመደ ሆነ። የማግነም ጥይት 16 ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ ወደ 400 ሜትር ይልካል፤ የለዘበው ያንኑ እርሳስ በ230 ሜትር አካባቢ ይልከዋል። እርሳሱ ወደ ፊት በተወረወረበት መጠን ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እጅን የሚመታው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ርግጫው ወደ ሩብ ይወርዳል። በሚገባ ተለማምዶ ለመተኮስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

«ታዲያ ባሩዱን መቀነስ ነው እንጂ ምን አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። አደጋው ያለው እዚህ ነው።

ጥቁር ባሩድ ክፍተት አይወድም። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ ከተተወ፣ ፍንዳታው እርሳሱን ከኋላ ሲደርስበት አፈሙዙን እንደ ቀለበት ሊያሳብጠው ይችላል። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ ለዘብ ያለ ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የጎደለውን በሌላ ነገር ይሞሉታል። የአሜሪካ ተኳሾች የሚጨምሩት ምን እንደሆነ ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ የበቆሎ ወይም የስንዴ ቅንጬ ነው። ቅንጬው አይቃጠልም፤ ባሩዱን ጠቅጥቆ ይይዝና ከእርሳሱ ጋር ይወጣል።

ጭስ አልባው ባሩድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ክብደት በክብደት ሲነጻጸር ከጥቁሩ እጅግ ስለሚበረታ ትንሹ ይበቃል፤ ቀለሁ ግን መነሻው ከጥቁር ባሩድ ዘመን የሆነ ሰፊ ጎተራ ነው። ለዘብ ያለ መጠን ሲሰፈር ከቀለሁ ውስጥ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። በባዶው ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው እጥፍ መስፈር ነው፤ ሙላቱ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቢሰፈርም ቀለሁ አይፈስም፣ ዓይንም አይይዘውም። እንዲህ ያለ አንድ ጥይት ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሁለተኛው ማነስ ነው። ባሩዱ እርሳሱን ከአፈሙዝ ማስወጣት ሲያቅተው እርሳሱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ሪቮልቨር በሚሽከረከረው የጥይት ማቀፊያና በአፈሙዙ መካከል ስስ ክፍተት አለው፤ በዚያ ጋዝ ስለሚያመልጥ እርሳሱ ከሌላ መሣሪያ ይልቅ ቶሎ ይቀረቀራል። ድምፁ «ፕፍ» ብቻ ካለ ተኳሹ ወዲያው ማቆም አለበት። ሳያስተውል ሌላ ጥይት ከደገመ፣ የተከተለው ከተቀረቀረው ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ለማግነም ጥይት የተሠራውን ዘግይቶ የሚነድ ባሩድ በፍጹም አይቀንሱትም፤ ፋብሪካዎቹም በግልጽ ይከለክሉታል፤ ከአቅሙ ሲያንስ መንደዱ የማይታመን ነውና። ቶሎ የሚነድ ባሩድ፣ ይልቁንም ቀለል ብሎ ብዙ ቦታ የሚሞላውን ይመርጣሉ። እርሳሱም መዳብ ያልለበሰ፣ በቀላሉ የሚንሸራተት ይሁን ይላሉ። ልኩን ከፋብሪካው ከታተመ ሠንጠረዥ ይወስዳሉ እንጂ በግምት አይጀምሩም። ከዚያ ቀለሆቹን ሁሉ ቁመው እንደተደረደሩ በብርሃን አንድ በአንድ ያያሉ። ጥቂቱን መስፈር ብዙውን ከመስፈር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ባሩድን እየቀነሱ የመስፈር ዘዴ በመድፍም አለ። ሆዊትዘር የሚባለው መድፍ ባሩዱ በከረጢት ተከፋፍሎ ይመጣል፤ መድፈኛው ቅርብ ለመተኮስ ከፈለገ ከረጢት አውጥቶ ያስቀምጣል፣ ሩቅ ከሆነ ይጨምራል። መድፍ ካነሣን አይቀር፣ እዚያው ጨርጨር ላይ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በሩሲያ የመድፍ ትምህርት ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። አገሩ ግን የሚያስታውሳቸው የጨርጨር ገዥ ሆነው በቀየሷት ከተማ፣ «ፋቡላ» በተባለው ተውኔታቸውና በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። የባሩድን ልክ የተማረ ሰው ከሞያው ውጭ ይህን ያህል ሥራ መሥራቱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አገራችን ውስጥ ዛሬ መሣሪያም ጥይትም መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ይደነግጋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ በጓሮው መሙላት የሚያምረው ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። የማሳስበው ግን ሌላም ነገር አለ። በሐረርጌም ሆነ በሌላው አገር፣ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያልተተኮሰ የውጅግራ ጥይት ዛሬም አለ። በፋብሪካ ይሞላ በሰው እጅ፣ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጥቁር ባሩድ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመትም አልፎት ይነዳል። በጠመንጃ ለመሞከር፣ በፒንሳ ለመክፈት፣ በእሳት ዳር ለማስቀመጥ አትሞክሩ። ባላችሁበት ለሚገኝ ፖሊስ አሳውቁ። ባዶው ቀለህ ግን አይጎዳም፤ እንደ በደሳው አባወራ በሣጥን አስቀምጡት፣ የማን እንደነበርም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።