የእንግዳ ወንበር በካርቱም

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በሴፕቴምበር 1963 የአህጉሩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መሪዎች ካርቱም ተሰበሰቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጡት ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን የሚያስተሳስር ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ለማርቀቅ ነው። ማኅበሩ በኖቬምበር 1967 ራባት ላይ ተመሠረተ፤ ዛሬ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ተብሎ መቀመጫውን አክራ አድርጓል። ከዓላማዎቹ አንዱ የአንዱ አገር መምህር ለተወሰነ ጊዜ በሌላው አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ነፃነታቸውን ገና ከጨበጡ አገሮች የመጡት እነዚያ ሰዎች፣ ድንበር የከፈለውን ትምህርት የሚያገናኘው በመጀመሪያ የሰው እግር መሆኑን ተረድተው ነበር።

ሐሳቡ ካርቱም ላይ መረቀቁ ያስደስተኛል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የቆመው አባይ ዳር ነው። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው የኛው አባይ፣ ከነጭ አባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በግቢው ሥር ያልፋል። እንግሊዞች በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ብለው ከፈቱት፤ በ1951 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

እንዲህ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ የመሥራት ዕድል ፌሎሺፕ ይባላል። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ሰው «ፌሎሺፕ አገኘ» ሲል ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከግቢ ውጭ ላለ ሰው ግን ከስኮላርሺፕ ጋር ይምታታበታል። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ለተማሪ ነው፤ መጨረሻው ዲግሪ ነው። ተጋባዥ ተመራማሪ ግን ዲግሪውን ይዞ የሚሄድ መምህር ነው። ፈተና የለበትም፣ የምስክር ወረቀትም አይጠብቅም። የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዴ ዓመት። ከጊዜው ጋር ጠረጴዛ፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ፣ የኪስና የቤት ኪራይ ገንዘብ፣ ሥራውን አንብቦ የሚተቸው አንድ ነባር ምሁር ይመደብለታል። በምላሹ አንድ ቀን ሴሚናር ላይ ቆሞ ሥራውን ያቀርባል፤ ሲመለስም የጨረሰውን ጽሑፍ ያሳትማል።

ይህ በተለይ ለጀማሪ መምህር ለምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ያለፈበት ነው። የሦስተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ወደ ትምህርት ክፍሉ የተመለሰ ወጣት ወዲያው ኮርስ ይደረደርለታል። የፈተና ወረቀት ያርማል፣ ተመራቂ ያማክራል፣ ኮሚቴ ይገባል። አራትና አምስት ዓመት የደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ መጽሐፍ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሳባቲካል የሚባለው የምርምር ዕረፍት የነባሮች ነው። ስለዚህ ሰው በምርምር ሕይወቱ እሳት በሆነበት ዘመን ጊዜ የለውም፣ ጊዜ ሲሰጠው ደግሞ እሳቱ በርዷል። ፌሎሺፕ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። ሌላው ሁሉ፣ አውሮፕላኑም ገንዘቡም፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የእንግዳ ወንበር ምን እንደሚያፈራ ለማየት ከካርቱም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኖርዌጂያዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ፍሬድሪክ ባርት በ1963 እና በ1964 በዩኔስኮ በኩል የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተጋባዥ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ ነበር። ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ዳርፉር፣ ጀበል ማራ ወደሚባለው ተራራ ሄደና በፉር ሕዝብ መካከል ተቀመጠ። ያየው ነገር ለጎጃም ወይም ለጎንደር ገበሬ ቢነገር እንግዳ አይሆንበትም። ያን ጊዜ ፉሮች እርሻቸውን የሚያርሙት እንደኛ በደቦ ነበር፤ ባለ እርሻው ከእህል ጠላ ያስጠምቅና ጎረቤቱን ይጠራል፣ የተጠራው ሠርቶ ጠጥቶ ይሄዳል። በገንዘብ ተቀጥሮ መሥራት ነውር ነበር። ባልና ሚስት እርሻቸውም ጎተራቸውም ለየብቻ ነበር። እህልና ጠላ፣ ጉልበትና ደቦ በአንድ ዓለም ውስጥ እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር፤ ገበያ የሚወጣውና በገንዘብ የሚሸጠው ደግሞ በሌላ ዓለም ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ በር ጠባብ ነበር።

በዚያ በር የገባው አንድ ዐረብ ነጋዴ ነበር። ለንግድ ይመላለስበት ከነበረው መንደር ክረምቱን ለመክረም ፈለገና መሬት ለምኖ ተሰጠው። ከቆላ፣ እህል ርካሽ ከሆነበት ቦታ፣ እህል ገዝቶ አመጣ፤ ጠላ አስጠመቀ፤ ደቦ ጠራ። ያሳረሰው ግን ቲማቲም ነው። ቲማቲሙን አድርቆ ገበያ ሲያወጣ ትርፉ ካወጣው እህል ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሠራተኞቹ የለመዱትን ጠላ ጠጥተው ሄደዋል፣ እንደ ወጉ ማንም አልተበደለም፤ ጉልበታቸው ግን ወደ ገንዘብ ተለውጦ በሌላ ሰው ኪስ ገብቷል። ባርት በ1967 ይህን ሲያሳትም በኢኮኖሚ አንትሮፖሎጂ ትምህርት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ሆነ። እኔ ሳነበው የማስበው ሌላ ነው። ነጋዴው ያየውን ቀዳዳ ያየው ከውጭ ስለመጣ ነው፤ ባርትም ነጋዴውን ልብ ያለው በዚያው ምክንያት ነው። ለተራራው ሰው ደቦ ደቦ ነው፣ ማን ቁጭ ብሎ ይመረምረዋል?

ወንበሩ ግን አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበት አልቀረም። በካርቱምና በኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ መካከል ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ መመላለስ ተጀመረ። የባርት ተማሪ ጉናር ሃላንድ ዳርፉር ሄዶ፣ ከብት የበዛለት ፉር ገበሬ እርሻውን ትቶ ከባጋራ ከብት አርቢዎች ጋር ሲዘዋወር ቀስ በቀስ እንደነሱ መቆጠር እንደሚጀምር ጻፈ። ከዚህኛው ወገን ደግሞ ሱዳናዊው አብደልጋፋር መሐመድ አሕመድ በርገን ሄዶ ዶክትሬቱን ሠራ። ስለ ሩፋዓ አልሆይ ከብት አርቢዎች የጻፈው መጽሐፉ በ1974 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደኛ ይመጣል። በ1980 የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ኦስሪያ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኋላ ደቡባዊ አፍሪካንም ጨመረ። ሥራው በአብዛኛው ለጀማሪ ተመራማሪዎች ነው፤ አወዳድሮ የምርምር ገንዘብ ይሰጣል፣ የምርምር ዘዴ ያሠለጥናል፣ ውጤቱን ያሳትማል። ያ በርገን የተማረው አብደልጋፋር በ1990ዎቹ የኦስሪያ ዋና ጸሐፊ ሆኖ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሠርቷል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በ1963 ለአንድ እንግዳ በሩን መክፈቱ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያዊና ለኬንያዊ ወጣት ዞሮ ደረሰ ማለት ነው። ይህን መንገድ ማንም ቀድሞ አልነደፈውም፤ ሰዎች ተዋወቁ፣ ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ተማሪ ላኩ።

ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ካርቱም የሚሄድበት የራሱ ጉዳይም አለው። እኛ ድርቡሽ የምንላቸው መሐዲስቶች የጻፉትና የተቀበሉት ደብዳቤ በካርቱም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተሰብስቦ ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክና የመሐዲስቶቹ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂ የተላላኩት ደብዳቤም ከዚያው ነበር። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ለንደን ላይ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ከ1898 እስከ 1935 በምዕራብ ድንበራችን የነበረውን የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት የሚመረምር ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ በአንድ አገር መዝገብ ብቻ አይጻፍም፤ ግማሹ ነገር ወንዙ በሚወርድበት በኩል ነው ያለው።

ሆኖም የሁለቱ ጎረቤቶች መንገድ እስከ ዛሬ በአውሮፓ የሚዞር መሆኑ ይቆጨኛል። የካርቱም መምህር ስለ ሱዳን ራሷ ለመጻፍ ከ1957 ጀምሮ እንግሊዝ አገር ደራም ዩኒቨርሲቲ ወደተከማቸው የሱዳን መዝገብ ይሄዳል። ጀማሪ አፍሪካዊ መምህራንን ከሚጋብዙት የታወቁ መርሐ ግብሮችም ብዙዎቹ ውጭ ናቸው፤ በሆላንድ የላይደን የአፍሪካ ጥናት ማዕከል፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ለወራት የሚያስቀምጠው የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ። ሁሉም መልካም ያደርጋሉ፣ የሚሄድም ይሂድ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ካርቱም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር። ቡናውን በጀበና የሚያፈላ፣ ስሙንም እንደኛ ጀበና የሚል ሕዝብ ዘንድ ሄዶ ስድስት ወር መቀመጥ ከላይደን የበለጠ ብርቅ ሊሆን አይገባም ነበር።

እንቅፋቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከ1990 ገደማ ጀምሮ የሱዳን መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በዐረብኛ እንዲሰጥ ስላዘዘ፣ ዐረብኛ የማያውቅ እንግዳ ክፍል ገብቶ ማስተማር ይቸግረዋል። ለኢትዮጵያ የታሪክ ተማሪ ዐረብኛ እንደ ግዕዝ አስፈላጊ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናስባለን? በሌላ በኩል ማመልከቻው ራሱ ሰውን ያስፈራል። ሁለት ሦስት ገጽ የምርምር ዕቅድ፣ የሁለት ነባር ምሁራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከትምህርት ክፍሉ «ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል» የሚል ወረቀት፣ ከአስተናጋጁ ደግሞ የግብዣ ደብዳቤ ይጠየቃል። ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ የማያውቁትን ፕሮፌሰር «ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ። የሚሳካላቸው ብዙውን ጊዜ የአስተናጋጁን ሥራ አንብበው፣ የት ላይ እንደሚገናኙ ለይተው የሚጽፉት ናቸው።

ሁለቱ አገሮች በቀጥታ የተገናኙበት አንድ መስክ ሕክምና ነው፤ በተለይ የእግር በሽታ። በኢትዮጵያ ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው አንዱ ይህ ነው። በሱዳን ደግሞ እሾህ የወጋው እግር በፈንገስ ወይም በባክቴሪያ ተበክሎ ሥጋውንና አጥንቱን የሚበላ ማይሴቶማ የሚባል በሽታ አለ። በካርቱም ሶባ ሆስፒታል በ1991 የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በመስኩ በዓለም የታወቀ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በ2016 አስገባው። የካርቱሙ ማዕከል፣ ኦስሪያና ሌሎች የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች፣ የሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ከእንግሊዙ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በአንድ መርሐ ግብር ሥር ሠርተዋል። እዚህም ገንዘቡ ከውጭ ነው፤ ግን የደጋውን እግር የሚያውቀውና የቆላውን እግር የሚያውቀው በአንድ ሥራ ተገናኝተዋል።

ከዚያ ኤፕሪል 15፣ 2023 መጣ። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ የተጀመረው በካርቱም መካከል ነው። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የውጊያ ቦታ ሆኑ፣ ተዘረፉ። በሜይ ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ምሁሩ መሐመድ ዑመር በሺር ስም የሚጠራው ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የማይሴቶማው ማዕከል ወደመ፤ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸው የናሙና ክምችት ጠፋ። በማርች 2025 የመንግሥት ጦር የካርቱምን ቤተ መንግሥት መልሶ ሲይዝ፣ መምህራኑ ካይሮ፣ ካምፓላ፣ ናይሮቢ፣ አዲስ አበባ ተበትነው ነበር።

በዚህ ጊዜ ፌሎሺፕ የሚለው ቃል ሌላ ፍቺውን ያሳያል። ካራ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1933 የተመሠረተው ከናዚ የሚሸሹ ምሁራንን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስጠጋት ነው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የምሁራን መታደጊያ ፈንድ፣ ከ2015 ወዲህ ያለው የጀርመን የፊሊፕ ሽዋርትዝ መርሐ ግብርም ሥራቸው ይኸው ነው። ሽዋርትዝ ራሱ በ1933 ከጀርመን ሸሽቶ ዙሪክ ላይ የስደተኛ ምሁራንን መረዳጃ ያቋቋመ ሐኪም ነበር። መሣሪያው ያው ነው፤ ጊዜ፣ ጠረጴዛ፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ። ልዩነቱ «ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል» የሚለውን ወረቀት የሚጽፍ የትምህርት ክፍል አለመኖሩ ነው።

በደርግ ዘመን ስንቱ የኛ ተማሪና መምህር መተማን ተሻግሮ፣ በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም ገብቷል። በ2023 ሱዳናውያን በዚያው መንገድ ወደኛ መጡ። ከመተማ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ጎንደር ያደርሳል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ከ1954 የጤና ኮሌጅ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የእግር በሽታ የሚያክም፣ የድንበሩን ታሪክ የሚያስተምር። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ወንበር እዚያ አደርገው ነበር፤ ለአንድ ጀማሪ የካርቱም መምህር፣ ለስድስት ወር። በዐረብኛ የጻፈውን የሚያነብለት አንድ ነባር ምሁር፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ በጀበና የሚፈላ ቡና። የግብዣው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።