መንገዱ ተጠብቋል፤ ጫፎቹስ?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ይለፍ ቃል የሚለቅም ፕሮግራም ተጠምዶ ተገኘ። ለቃሚው ብዙም አልለፋም፤ ያኔ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ቴልኔት የተጻፈውን ሁሉ፣ ይለፍ ቃሉን ጭምር፣ ሳይመሰጥር ይልክ ነበር። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ይሎኔን ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤችን ጻፈ። 21 የኤፍቲፒ፣ 23 የቴልኔት ፖርት ስለነበሩ በመካከላቸው ክፍት የነበረው 22 ለእሱ ተሰጠ።

ይሎኔን የፈታው በዋናነት የመንገዱን ችግር ነው። ዛሬ መስመር ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው የሚያገኘው የተመሰጠረ ዝባዝንኬ ብቻ ነው። ወዲያ ያለው ማሽን እውነተኛው መሆኑን፣ ወዲህ ያለው ሰውም ባለመብቱ መሆኑን ማረጋገጡ ግን ያለተጠቃሚው ጥንቃቄ አይሳካም። ስለ ኤስኤስኤች የሚሰጡ ጠቃሚ ምክሮች በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ጫፎች የሚነሱ ናቸው።

ከወዲያኛው እንጀምር። ከአንድ ሰርቨር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን አሻራ አሳይቶ “ልቀጥል?” ይላል። ብዙዎቻችን ሳናነብ “የስ” ብለን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ አሻራው ኖውን ሆስትስ በሚባል ፋይል ይመዘገብና በየግንኙነቱ ይመሳከራል። ስለዚህ የኋላው ማመሳከር ሁሉ የቆመው በዚያች የመጀመሪያ “የስ” ላይ ነው። አሻራውን ከሰርቨር አከራዩ ኮንሶል ላይ ማየት ወይም አስተዳዳሪውን ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሌላ ቀን “የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል” የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ የድሮውን መዝገብ ለመሰረዝ አይቸኮልም። ምናልባት ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ይሆናል፤ ምናልባትም መሐል የገባ ሰው አለ። ማስጠንቀቂያው ሁለቱን ስለማይለይ ጠይቆ መለየት የእኛ ፋንታ ነው።

ወደ ወዲህኛው ጫፍ ስንመጣ ዋናው ጉዳይ ይለፍ ቃልን በቁልፍ መተካት ነው። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፖርት 22 ይለፍ ቃል የሚገምቱ ሮቦቶች ሳያንኳኩት አይውሉም። ኤስኤስኤች-ኪጄን የተባለው ትእዛዝ ጥንድ ቁልፍ ያወጣል፤ ለአዲስ ቁልፍ ኢዲ25519 የተባለው ዓይነት ጥሩ ምርጫ ነው። ይፋዊው ቁልፍ እንደ ጓጉንቸር ነው፣ የትም ቢንጠለጠል ጉዳት የለውም፤ የግሉ ግን ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም። እሱም ቢሆን የራሱ የምስጢር ሐረግ ይኑረው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው በቀላሉ አይጠቀምበትም። ሐረጉን በየጊዜው መጻፍ የሰለቸው ሰው ኤጀንት የተባለው ረዳት ፕሮግራም አንዴ ተቀብሎ እንዲይዝለት ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ይፋዊው ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ ባለው የቁልፍ ዝርዝር ውስጥ በትክክል ተጭኖ ሳለ ሰርቨሩ አሁንም ይለፍ ቃል ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፋይል ፈቃድ ነው፤ የቁልፍ ዝርዝሩን የያዘው ፎልደር ወይም የተጠቃሚው ዋና ፎልደር ለሌሎች ለመጻፍ ክፍት ከሆነ ሰርቨሩ ቁልፉን አይቀበልም። ይህንንም ለተጠቃሚው አይነግረውም፤ ምክንያቱ የሚገኘው በሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ነው። የዝርዝሩን ፎልደር 700፣ በውስጡ ያለውን ፋይል 600 ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ቁልፉ ከሠራ በኋላ በይለፍ ቃል መግባትን መዝጋት ይገባል፤ ግን በቅደም ተከተል። የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ ማስተካከያውን መጻፍ፣ ሰርቪሱን ዳግም ከማስነሳት በፊት ኤስኤስኤችዲ በተባለው የሰርቨሩ ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ትንሿን ቲ ጨምሮ ስህተት እንደሌለው መፈተሽ፣ ከዚያ አስነስቶ በሌላ መስኮት መግባትን መሞከር። ትልቋ ቲ ደግሞ ፋይሎቹ ሁሉ ተነበው የሚጸናውን ደንብ ታሳያለች። ይህች በጣም ትጠቅማለች፤ ዋናው ፋይል ላይ “ኖ” ብለን ጽፈን፣ ቀድሞ የሚነበብ ሌላ ፋይል “የስ” ብሎ ሊሽረን ይችላልና።

በአንድ ሰርቨር አልፎ ወደ ሌላ ለሚገባ ሰው ደግሞ ኤጀንቱን አሳልፎ ከመስጠት ፕሮክሲ ጃምፕ የተባለውን አማራጭ መጠቀም ይሻላል። ኤጀንቱ ከተላለፈ የመሸጋገሪያው ሰርቨር አስተዳዳሪ ግንኙነቱ እስካለ ድረስ በስማችን ሌላ ቦታ መግባት ይችላል። በፕሮክሲ ጃምፕ ግን መሸጋገሪያው የተመሰጠረውን ከማሳለፍ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም።

የመቆራረጥ ነገርም አለ። መብራት ጠፍቶ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ለሚዞር የአዲስ አበባ ባለሙያ ይህ የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው፤ አድራሻው ሲቀየር ግንኙነቱ ይበጠሳል፣ የተጀመረው ሥራም አብሮ ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ ረጅም ሥራን ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ መጀመር ነው፤ መስመሩ ቢሄድም ሥራው ይቀጥላል፣ ተመልሶ ገብቶ ካቆሙበት መያዝ ነው። የደረቀ መስኮት ደግሞ ኢንተር፣ የማዕበል ምልክት፣ ነጥብ በተከታታይ ሲመቱ ይዘጋል።

በመጋቢት 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ነው። በሩን የሠሩት ሰዎች ምስጠራውን ለመስበር አልሞከሩም፤ ሰርቨሩ የሚያምነውን ሌላ ፕሮግራም አስታከው ለመግባት ነበር ሐሳባቸው። እነሱም የመጡት በጫፉ በኩል ነውና፣ ጊዜ ያጠረው ሰውም ጥንቃቄውን ከጫፎቹ ይጀምር፦ ቁልፍ ያውጣ፣ በይለፍ ቃል መግባትን ይዝጋ፣ ሰርቨሩን ያድስ፣ ከቁልፍ ዝርዝሩም ሥራ የለቀቀውን ሰው ቁልፍ ይሰርዝ። የቀረው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።