የቡና ቤቱ ባለቤት ማን ነው?

ከክፍለ ሀገር የመጣን ተማሪዎች ሁሉ የምናውቀው አንድ ቤት አለ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ወይም ከዋናው መንገድ ዳር የቆመ፣ ስሙ ቡና ቤት ሆኖ ሳለ ከቡና ይልቅ ቢራ የሚሸጥበት ቤት ነው። ስለ እርሱ ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሥነ ምግባር ክርክር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ባጭሩ ለማስረዳት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ባለቤትነቱን በሦስት እንክፈለው፤ የመሬቱ፣ የቤቱና የመጠጡ።

የቡና ቤት እናቶቹ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ናቸው። እመቤቲቱ ማርና ጌሾ ገዝታ በራሷ ጋን ጠጁን ትጥላለች፤ በብርሌ ትቀዳለች፤ ዋጋውንም ራሷ ትቈርጣለች። መሬቱ የባለርስት፣ ቤቱም የኪራይ ሊሆን ይችላል፤ መጠጡ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእርሷ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ ርስት ባይኖራትም እንኳ፣ በእጅ ሙያዋ ብቻ ራሷን ልታስተዳድር ከምትችልባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይህ ነበር።

ሁለተኛው ዘመን የጠርሙስ ዘመን ነው። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ ደግሞ የመኪና መንገዶች ተሠሩ፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ የዚያ ሥራ ምስክር ነው። በመንገዱም ዳር ለወታደርና ለሾፌር የሚሆኑ ባሮች ተከፈቱ። «ባር»፣ «ባንኮኒ»፣ «ማኪያቶ» የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የቀሩልን ናቸው። ከነጻነት በኋላ እዚሁ የቀሩ ጣልያኖች፣ እንዲሁም ግሪኮችና አርመኖች በዚሁ ንግድ ቈዩ፤ ቀስ በቀስም አገሬው፣ በተለይም ሴቶች፣ ያዙት። ነገር ግን አዲሷ እመቤት እንደ ጠጅ ጣይዋ አልነበረችም። ቢራው በሣጥን ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋው ከፋብሪካ ተቈርጦ ይመጣል፤ ባዶው ጠርሙስ እንኳ ተመላሽ ነው። ንግዱ ከሙያ ይልቅ ገንዘብ ጠየቀ። ገንዘብ የሌላት ሴት በቤቱ ልትገባ የምትችለው በአሳላፊነት ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው ዘመን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት የቢራ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 47 ወጣ። በኪራይ ይነግድ የነበረ ሁሉ ባለቤቱ ተለወጠ፤ ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ ተረከበው። በአከራይ ፈንታ የቀበሌ ደረሰኝ መጣ። መሬቱም፣ ቤቱም፣ መጠጡም በአንድ እጅ ገቡ፤ ለእመቤቲቱ የቀሩላት ባንኮኒው፣ ወንበሮቹና የንግድ ፈቃዱ ነበሩ። በዚያም ላይ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ገበያ አሳጠረው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህስ? ንግዱ ነጻ ሆነ ቢባልም ሦስቱ ቁልፎች ወደ እርሷ አልተመለሱም። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የቀበሌውን ቤት ልትነግድበት እንጂ ልትሸጠው አትችልም። ቢራውም ቢሆን ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዩ ካስቴል፣ ሐረርና በደሌ በ2003 ለሆላንዱ ሄኒከን፣ ሜታ በ2004 ለእንግሊዙ ዲያጆ፣ እርሱም በ2014 መልሶ ለካስቴል። ዛሬ የብዙው ቡና ቤት ፊት በአንድ ቢራ ቀለም ተቀብቶ፣ ማቀዝቀዣው የዚያኑ ቢራ ምልክት ለብሶ እናያለን። ስለ ሽያጩ በአዲስ አበባና በአውሮፓ ሲፈረም፣ ቀምሳ የምትሸጠውን የጠየቃት የለም።

እንግዲህ «ባለቤቱ ማን ነው?» ለሚለው መልሱ አንድ አይደለም። ከሁሉ ያነሰ ድርሻ ያላት ግን ፊት ለፊት የምትታየው፣ ለሰካራሙም ለጸቡም ለስሙም የምትወቀሰው ሴት ናት። እኛም የምንወቅሳት የቤቱን ታሪክ ሳናውቅ ነው። ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ በየከተማችን ያሉትን አረጋውያት ቀርበን እንጠይቃቸው፤ ቤቱን ማን ሠራው? ኪራዩ ስንት ነበር? ጠጁ የቀረው መቼ ነው? የድሮ የኪራይ ደረሰኝ በሣጥናቸው ካለ እንቅዳው። የነገሥታቱን ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ካልጻፍነው ግን ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።